የአሮጌዋን ባለ አራት ሲሊንደር ሆንዳ ስትሮክ መጨመር፦ ከሒሳቡ እስከ መጀመሪያው ጉዞ

«ባለ አራት ሲሊንደር አሮጌ ሆንዳ አለችኝ። ስትሮኳን ማስጨመር ፈልጌ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ይሠራል ወይ?» ይህ ጥያቄ ሳያቋርጥ ይመጣልኛል። (ስትሮክ ማለት ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ የሚሄደው ርቀት ነው።) አጭሩ መልስ፦ ከፊሉ ይሠራል፣ ከፊሉን ወደ አዲስ አበባ መላክ ሊኖርባችሁ ይችላል። ረጅሙ መልስ ይኸው።

ምሳሌዬ ሆንዳ ሲቢ 750 ናት። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 የተሠራችው፣ ባለ አንድ ካምሻፍቷ (ካም የምንለው፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)። ሌላ ባለ ብዙ ሲሊንደር ሞተር ያላችሁም ቁጥሩን በራሳችሁ ልክ እየተካችሁ መከተል ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

የፋብሪካው ልክ የሲሊንደር ስፋት 61 ሚሜ፣ ስትሮክ 63 ሚሜ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ተደምረው 736 ሲሲ ይሰጣሉ። ስትሮኩን ወደ 66 ብታደርሱት 771 ሲሲ ገደማ ይሆናል። ትርፉ 35 ሲሲ ብቻ ነው። ሲሊንደሩን ወደ 65 ሚሜ ብታሰፉት ግን ክራንኩ (የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) ሳይነካ 836 ሲሲ ታገኛላችሁ። ሁለቱም አብረው ከተሠሩ 876 ይመጣል።

ስለዚህ የምትፈልጉት ሲሲ ብቻ ከሆነ ክራንኩን ተዉት። ሲሊንደር አስፉና ተገላገሉ። ስትሮክ መጨመር የሚያዋጣው የክራንክ ፒኖቹ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኙት ዘንጎች፣ ቢየላዎቹ፣ የሚይዙባቸው አንጓዎች) ተጭረው መሞረዳቸው የማይቀር ከሆነ ነው። ወይም ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ የሚጎትት ሞተር ከፈለጋችሁ።

አሁን ይህችን ያዙ። ስትሮክ በ3 ሚሜ አደገ ማለት ፒኑ ከክራንኩ መሃል በ1.5 ሚሜ ራቀ ማለት ነው። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ 1.5 ከፍ ይላል፣ ታችኛው ጫፍ ላይ 1.5 ዝቅ ይላል። ሥራው ሁሉ ያለው ለዚህች 1.5 ቦታ በመፈለግ ላይ ነው። ቦታዋን በወረቀት ላይ ሳታገኙ ብረት አታስነኩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሞተር ሳይክሏ የጥገና መጽሐፍ (የዚያው ዓመት ሞዴል)
- ከ25 እስከ 50 ሚሜ የሚለካ ማይክሮሜትር እና ካሊፐር
- ዳያል መለኪያና መያዣው
- ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) እና ፕላስቲጌጅ (የቤሪንግ ክፍተት የሚለካበት ቀጭን የፕላስቲክ ክር)
- ቶርክ ቁልፍ
- 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን (ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት)
- 360 ዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ሳህን
- የልጆች ፕላስቲሲን
- 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እና ነጭ ጋዝ
- ስንጥቅ የሚያሳይ ቀለም (ቀዩና ነጩ)
- ሙሉ የጓርኒሲዮን (በክፍሎች መካከል የሚገባ ማተሚያ) ስብስብ፣ አዲስ ኦሪንጎች፣ አዲስ የቢየላ ብሎንና ዳዶ
- ቢየላ፣ ቤሪንግ፣ ፒስተን (የትኛው እንደሚገዛ ደረጃ 3 እና 4 ላይ ይወሰናል)

አሠራሩ

1. ሞተሩን አውርዱና ፍቱ። በዚች ሞተር ሳይክል ላይ ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሲሊንደሩን ክዳን) ለማውጣት ሞተሩ ከፍሬሙ መውረድ አለበት። ከባድ ነው፣ ብቻችሁን አትሞክሩት። ካርተሩ (ክራንኩን የያዘው የሞተሩ ቤት) ላይና ታች ሆኖ ይከፈላል፣ ክራንኩ መሃሉ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ከመፍታታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቢየላና ፒስተን ከ1 እስከ 4 ቁጥር ስጡ፣ የፊት አቅጣጫውንም ምልክት አድርጉ። አብረው የኖሩ ክፍሎች እርስ በርስ ተላምደዋል። የቢየላ ኮፍያ ከተቀያየረ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ይቀራል።

2. ክራንኩ ለዚህ ሥራ የሚበቃ መሆኑን ፈትሹ። በደንብ እጠቡት። ቀዩን ቀለም እርጩ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ በጨርቅ ጠርጉ፣ ከዚያ ነጩን እርጩ። ስንጥቅ ካለ በነጩ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ከሁሉ በላይ ፒኑ ከክራንኩ ክንድ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ተመልከቱ፣ ክራንክ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከዚያ ነው። ቀይ መስመር ካያችሁ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል፣ ሌላ ክራንክ ፈልጉ።

እግረ መንገዳችሁን ሁሉንም ፒኖች ለኩና ጻፉ። በሁለት አቅጣጫ ለኩ፣ ያረጀ ፒን እንቁላል ቅርጽ ይይዛልና።

3. የ1.5 ሚሜዋን ቦታ ወስኑ። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ የፒስተን ፒን (ፒስተኑን ከቢየላው የሚያያይዘው) ቀዳዳው በ1.5 ሚሜ ወደ ላይ የተጠጋ ፒስተን ማሠራት ወይም መግዛት። ንጹሑ መንገድ ይኼ ነው፤ የሞተሩ ቁመት አይለወጥም።

ሁለተኛው፣ በ1.5 ሚሜ ያጠረ ቢየላ። ቢየላ ሲያጥር ፒስተኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል፣ ንዝረቱም እንዲሁ። ሌላ ምርጫ ካለ ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው፣ በሲሊንደሩ ሥር 1.5 ሚሜ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ማስገባት። ርካሽ ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ጥሩ ቶርኖ ቤትም ይሠራዋል። ግን ሁለት መዘዝ አለው። ዘይት ወደ ቴስታታ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በሰሌዳው በኩል በትክክል ማለፍና በኦሪንግ መታተም አለባቸው፤ ካልሆነ ካሙ በዘይት እጦት ይቃጠላል። ሌላው፣ ቴስታታው ከፍ ሲል የካም ካቴናው (ካሙን የሚያዞረው ሰንሰለት) ሩቅ ይሄዳል፣ የካሙ ጊዜ በጥቂት ዲግሪ ወደፊት ይቀድማል። ማስተካከያው ደረጃ 10 ላይ ነው።

ምንም ሳታደርጉ ብታልፉትስ? ፒስተኑ 1.5 ከፍ ብሎ ኮምፕሬሽኑ (ሞተሩ የአየርና ቤንዚኑን ድብልቅ የሚያምቅበት መጠን) ከ9 ለ 1 ወደ 11.4 ለ 1 ይዘላል። ያውም ከቫልቭ ጋር ካልተጋጨ ነው።

4. ቢየላና ቤሪንጉን ከመሞረዱ በፊት በእጃችሁ አስገቡ። ሳይበየድ ስትሮክ የሚጨመረው ፒኑን ከመሃሉ አስወጥቶ በመሞረድ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ የፒኑ ውፍረት የቀነሰውን ያህል ስትሮኩ ሊያድግ ይችላል። 36 ሚሜ የነበረ ፒን 33 ቢሆን 3 ሚሜ ስትሮክ አገኛችሁ። የፒኑ ውጪኛ ጎን አይነካም፣ ከውስጠኛው ጎን 3 ሚሜ ይነሳል።

ችግሩ 33 ሚሜ ፒን የድሮውን ቢየላና ቤሪንግ አይቀበልም። የታችኛው ቀዳዳው፣ የጎን ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የፒስተን ፒን ቀዳዳው የሚስማማ ቢየላ ከነቤሪንጉ ማግኘት አለባችሁ። ቤሪንጉን በእጃችሁ ይዛችሁ ነው የፒኑ መጨረሻ ልክ የሚወሰነው። ገበያ ላይ የሌለ ልክ ካስሞረዳችሁ ክራንኩ የወረቀት መያዣ ሆኖ ይቀራል።

ፒኑ ላይ በብየዳ ብረት ጨምሮ በድሮው ውፍረት መሞረድም አለ። ያኔ የድሮው ቢየላ ይሠራል። ነገር ግን ሙቀቱ ክራንኩን ያጣምማል፣ ስንጥቅም ያስጀምራል። ለክራንክ ተብሎ የተሠራ የብየዳ ማሽንና ከብየዳ በኋላ በምድጃ የማፍታታት ሥራ ከሌለ በተራ የእጅ ብየዳ አይሞከርም።

⚠️ ማስጠንቀቂያ፦ ስትሮክ ሲያድግ ፒኑና ዋናው የክራንክ አንጓ (ክራንኩ ካርተሩ ላይ የሚያርፍበት) የሚደራረቡበት ብረት ይሳሳል። ሁለቱም 36 ሚሜ ከሆኑ ድርቡ በ63 ስትሮክ 4.5 ሚሜ ነው። ፒኑ 33፣ ስትሮኩ 66 ሲሆን 1.5 ሚሜ ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው ከ3 ሚሜ በላይ አትሂዱ የምለው። ለዚህም ነው ከፍተኛውን ዙር የምንቀንሰው።

5. ለቶርኖ ቤቱ ወረቀት ስጡ፣ በአፍ አትዘዙ። ለባጃጅ ክራንክ የሚፈታና የሚገጥም ጎበዝ ልጅ በየሰፈሩ አለ። የባጃጁ ግን ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በፕሬስ የሚገጣጠም ነው። ይኼኛው ከአንድ ብረት የወጣ፣ አምስት ቦታ የሚያርፍ ነው። የሚፈልገው ከመሃል ማስወጣት የሚችል የክራንክ መሞረጃ ማሽን ነው። ለመኪና ክራንክ የሚሞርዱትን ጠይቁ፤ ከመሃል አስወጥተው ሠርተው ያውቁ እንደሆነም ጠይቁ።

ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚበላሸው፦

«ጋሼ፣ ሦስት ሚሊ ጨምሩልኝ።»

«ፒኑን ነው?»

«አዎ፣ ፒኑን።»

ፒኑ 3 ሚሜ ከወጣ ስትሮኩ በ6 ያድጋል! ስለዚህ ወረቀቱ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ ፒኑ ከመሃል የሚወጣው 1.5 ሚሜ፣ አዲሱ ስትሮክ 66 ሚሜ፣ የፒኑ መጨረሻ ውፍረት (ከቤሪንጉ የተወሰደው)፣ አራቱም ፒኖች እርስ በርስ ከ0.03 ሚሜ በላይ እንዳይለያዩ፣ የፒኑ ጥግ ክብ ሆኖ እንዲቀር፣ የዘይት ቀዳዳው አፍ እንዲለሰልስ። የጥጉ ክብነት ውበት አይደለም። ስል ጥግ ያለው ፒን ከዚያው ጥግ ይሰነጠቃል።

የመብራቱን ነገርም አንሱ። ድንጋዩ ፒኑ ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ምልክት ጥሎ ይቆማል። ጄኔሬተር ያለው ቤት ይመረጣል፣ ቢያንስ የመጨረሻው ማለስለስ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ይሠራ።

6. ክራንኩ ሲመለስ እናንተም ለኩት። እመኑ፣ ግን ለኩ። የፒኑን ውፍረት በማይክሮሜትር፣ ስትሮኩን በዳያል። አራቱም እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ። አንዱ ፒን ከሌላው በዲግሪ ፈንጠር ካለ የዚያ ሲሊንደር እሳት ጊዜው ይዛባል፣ በካርቡሬተርም አይስተካከልም።

ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀለም ድገሙት። የፒኑ ፊት ጠንካራ ሽፋን ከነበረው በመሞረዱ ተነስቷል፤ ናይትራይዲንግ (የብረት ፊት ማጠንከሪያ) የሚሠራ ካገኛችሁ አሠሩት፣ ከዚያ ቀጥተኛነቱን እንደገና ለኩ። በመጨረሻ የዘይት መንገዶቹን በብሩሽና በአየር አጽዱ። የድንጋይ ብናኝ አንዲት ቀዳዳ ውስጥ ከቀረ አዲሱ ቤሪንግ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ይጫራል።

ጣና ዳር ስለሆንን አንድ ነገር ልጨምር። የተሞረደ እርቃን ብረት በዚህ እርጥበት፣ ይልቁንም በክረምት፣ ቶሎ ይዝጋል። ለክቶ እንደጨረሱ ዘይት ቀብቶ በላስቲክ መጠቅለል ነው።

7. ክብደት አመጣጥኑ። አራቱ ፒስተኖች ከነፒናቸው፣ አራቱ ቢየላዎችም በየራሳቸው፣ በ1 ግራም ውስጥ ይምጡ። ቢየላውን ላይና ታቹን ለየብቻ መዝኑት፣ ታቹ ይሽከረከራል፣ ላዩ ይመላለሳልና። ባለ አራት ሲሊንደር ላይ ሁለቱ ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ ዋናው ንዝረት እርስ በርሱ ይጣፋል። ይህ የሚሆነው ግን ክብደታቸው እኩል ሲሆን ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሆኖ ሁለቱም ፒስተኖች አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ሞተር ካላችሁ ግን የክራንኩ ክብደት ማመጣጠኛ ራሱ እንደገና መሰላት አለበት። እሱን ለባለሙያ ስጡ።

8. ደረቅ ግጥሚያ። ከሁሉም ደረጃ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይኼን ነው። የፒስተን ሪንግ ሳታስገቡ፣ በአሮጌ ጓርኒሲዮን ሞተሩን ግጠሙና በእጅ አዙሩት። ቀስ ብላችሁ፣ ሁለት ሙሉ ዙር። የሆነ ቦታ ከያዘ አታስገድዱት፣ ያዝ ያደረገውን ፈልጉ።

አራት ቦታ ትለካላችሁ፦

- የቢየላው ብሎንና ትከሻ ከካርተሩ ግድግዳ፦ ቢያንስ 1.5 ሚሜ። ካነሰ ካርተሩ በጥንቃቄ ይሞረዳል።
- የፒስተኑ የታች ጠርዝ ከክራንኩ ክብደት ማመጣጠኛ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ፦ ቢያንስ 1.5 ሚሜ። ካነሰ የሚቆረጠው የፒስተኑ ጠርዝ ነው። ፒስተኑ ከሊነሩ (ከሲሊንደሩ የውስጥ እጅጌ) ሥር አሁን በ3 ሚሜ ይበልጥ ስለሚወጣ እንዳይወዛወዝም ተመልከቱ።
- ፒስተን ከቴስታታ፦ ከ1 ሚሜ አይነስ። ሞተሩ ሲግል ቢየላው ይለጠጣል፣ ቤሪንጉም ክፍተት አለው፣ ስለዚህ በእጅ ሲዞር «አልነካም» ማለት በ8,000 ዙር አይነካም ማለት አይደለም።
- ፒስተን ከቫልቭ፦ ለማስገቢያው 1.5 ሚሜ፣ ለማስወጫው 2 ሚሜ። ማስወጫው ስለሚግል ይበልጥ ይረዝማል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት በፕላስቲሲን ነው የምትለኩት። ፒስተኑ አናት ላይ ጠፍጥፉ፣ ዘይት ንኩት እንዳይጣበቅ፣ ቴስታታውን አጥብቁ፣ ቫልቩን አስተካክሉ፣ አዙሩ። ስትከፍቱት የቫልቩ ቅርጽ ተቀርጾ ይገኛል። በምላጭ ቁረጡና ከሁሉ የሳሳውን ቦታ ለኩ። አራቱንም ሲሊንደር እንጂ አንዱን ብቻ አይደለም።

9. ኮምፕሬሽኑን አስሉ። ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ ላይ አድርጉ፣ ሁለቱም ቫልቮች ይዘጉ። የፒስተኑ ዙሪያ እንዳያፈስ በግሪስ ታተሙት። ሞተሩን አዘንብሉና በካንዴላው ቀዳዳ ነጭ ጋዝ በሲሪንጅ ሙሉ። እስከ ካንዴላው ክር ሥር የገባው የማቃጠያ ክፍሉ መጠን ነው። በፋብሪካው ልክ ይህ 23 ሲሲ ያህል ነው፤ ኮምፕሬሽኑ 9 ለ 1 ሆኖ። በአዲሱ ስትሮክ አንዱ ሲሊንደር 193 ሲሲ ስለሚጠርግ፣ ክፍሉ 23 ከሆነ ወደ 9.4 ይመጣል። ይኼ ለተራው ቤንዚናችን ጥሩ ነው። ከ10 በላይ ካነበባችሁ የሆነ ልኬት ስታችኋል፣ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

10. የካሙን ጊዜ በዲግሪ ሳህን አረጋግጡ። ላይኛውን ጫፍ በዓይን አትገምቱ። በካንዴላው ቀዳዳ ማቆሚያ ብሎን አስገቡ፣ ሞተሩን በሁለቱም አቅጣጫ እስኪነካ አዙሩ፣ የሁለቱ ንባብ መሃል እውነተኛው ጫፍ ነው። ከዚያ ቫልቩ የሚከፈትና የሚዘጋበትን ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ። ሰሌዳ ያስገባችሁ ሰዎች ካሙ ቀድሞ ታገኙታላችሁ። የካሙን ጥርስ ብሎን ቀዳዳዎች ሞላላ አድርጎ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሲጨርሱ ብሎኖቹ በክር ማጣበቂያ ይጠበቁ።

11. የመጨረሻው ግጥሚያ። ሁሉን ፍቱ፣ እጠቡ፣ በዘይት ግጠሙ። የቢየላ ቤሪንጉን ክፍተት በፕላስቲጌጅ ለኩ፤ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሜ ባለው ውስጥ ይሁን። የሪንጉ ጫፍ ክፍተት ሲሊንደር ውስጥ ከ0.2 እስከ 0.4። የቢየላ ዳዶ ሁልጊዜ በቶርክ ቁልፍ። «እጄ ያውቀዋል» እዚህ ላይ አይሠራም። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ፦ ማስገቢያ 0.05፣ ማስወጫ 0.08 ሚሜ።

12. ካርቡሬተርና እሳት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ «ሞተሩ አደገ» ብላችሁ ወዲያው ትልቅ ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) አትግጠሙ። በነበረው ጀምሩ፣ አራቱን ካርቡሬተሮች በቫኪዩም ጌጅ አመጣጥኑ፣ ከዚያ ካንዴላውን አንብቡ። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል። ነጩ ይበልጥ አስጊ ነው፣ ፒስተን ያቀልጣል።

እሳቱ በምልክቱ ልክ ይቀመጥ፦ በስራ ፈት ዙር 10 ዲግሪ፣ ሙሉ ሲቀድም 35። ዳገት ላይ ሞተሩ ካንኳኳ በ2 ዲግሪ ወደ ኋላ መልሱት።

13. ማስነሳትና ማላመድ። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የዘይት ግፊት እስኪመጣ በስታርተር አዙሩ። ከዚያ ግጠሙና አስነሱ። አየር የሚያቀዘቅዘው ሞተር ስለሆነ ቆሞ ረጅም ጊዜ አይሥራ፣ ወዲያው ይነዳ።

ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ከ4,000 ዙር አትለፉ፣ በአንድ ፍጥነትም አትቆዩ። ወደ መሸንቲ የሚወስደው አስፋልት ለዚህ ይመቻል። ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ መጎተት ሞተሩን ያግላል እንጂ አያላምድም። የመጀመሪያውን ዘይት ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቀይሩ፣ ሲፈስም በነጭ ጨርቅ አጥልሉት። ጥቃቅን የብረት ብናኝ ያለ ነው። የሚያብረቀርቅ ቅጠል መሳይ ነገር ካያችሁ ቤሪንግ ነው፣ አቁሙና ክፈቱ።

ከተላመደ በኋላ ቤዛዊት ዳገት ላይ ውጡባት። ድሮ ማርሽ የምትቀንሱበት ቦታ ላይ ሳትቀንሱ ከወጣች ሥራው ሠምሯል። ከፍተኛውን ዙር ግን ከ8,500 ወደ 8,000 አውርዱት። በ66 ስትሮክ 8,100 ዙር ላይ ፒስተኑ የሚሮጠው በድሮው 8,500 ላይ በሚሮጠው ፍጥነት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ክራንኩን አስሞርዶ ከዚያ ቢየላ ፍለጋ መውጣት።
- አንዱን ሲሊንደር ለክቶ ሦስቱን «እንደዚያው ነው» ማለት።
- የድሮውን የቢየላ ብሎን መልሶ መግጠም። የተለጠጠ ብሎን ሲጠብቅ ደህና ይመስላል፣ የሚበጠሰው በከፍተኛ ዙር ነው።
- የኮምፕሬሽኑን ትርፍ በወፍራም ጓርኒሲዮን ለመሸፈን መሞከር። ጓርኒሲዮን ለማተም እንጂ 1.5 ሚሜ ለመሙላት አልተሠራም።
- አቧራ መንገድ ላይ ያለ አየር ማጣሪያ መንዳት። «ድምጿ ያምራል» የሚሉ አሉ። አዲሱን ሪንግ በአንድ በጋ ይጨርሰዋል።
- ካርተር ሲሞርዱ የሞተር ቁጥሩን መንካት። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና ሲሲ ከሞተሩ ጋር ይተያያል፤ ሲሲው ስለሚለወጥ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጎራ ብላችሁ ምን እንደሚጠይቁ እወቁ።